ከጎሃ ጽዮን እስከ ጀማ፦ በጥንቱ ባሕር ወለል ላይ አምስት ቀን

በዓባይ በረሃ የሚያልፍ መንገደኛ ሐሳቡ ሁሉ ፍሬን ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ተነስቶ እስከ 1,050 ሜትር ግድም ይወርድና መልሶ ሽቅብ ይወጣል። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ በገደሉ በኩል የተቀመጠው ያማትባል። በሌላው መስኮት፣ እጅ ቢዘረጋ በሚነካ ርቀት፣ የባሕር ወለል እያለፈ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

የበረሃው ወገብ ላይ 400 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የኖራ ድንጋይ አለ፤ ባላገሩ በሃ ድንጋይ የሚለው ነው። ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር መሰንጠቅ ሲጀምር ከደቡብ ምሥራቅ፣ በዛሬው ኦጋዴን በኩል፣ ባሕር ገባ፤ እየገፋም ትግራይ ደረሰ። ይህ ድንጋይ በዚያ ባሕር ውስጥ ከ165 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት የተከማቸ ነው። ስሙ በጂኦሎጂ መጻሕፍት «የአንታሎ ኖራ ድንጋይ» ይባላል። አንታሎ የትግራዩ ሕንጣሎ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር የተጓዘው ጂኦሎጂስት ዊሊያም ብላንፎርድ በሕንጣሎ ያየውን ድንጋይ በቦታው ስም ጠራው፤ ሥራውንም በ1870 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዓባይ በረሃ ያለው ያው ድንጋይ ነው፤ ሐረርና ድሬዳዋ ዙሪያም አለ።

በዚህ ድንጋይ ውስጥ የቀሩትን የባሕር ዛጎሎችና ሌሎች ቅሪተ አካላት ፍለጋ ወደ ዓባይ በረሃና ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ የሄድነው በጥር 2012 ዓ.ም. ነው። ጥር የተመረጠው በክረምት መንገዱ ስለሚናድ፣ ከመጋቢት በኋላ ደግሞ የበረሃው ግርጌ ሙቀት ስለማይቻል ነው። መኪና ከነሾፌሩ በቀን 2,800 ብር ነበር፣ ነዳጅ በራስ፤ እዚህ የተጻፈው ዋጋ ሁሉ የዚያን ጊዜው ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት መሄድ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አውቶቡስ በረሃው መሐል ቆሞ አይጠብቅም፣ ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዕቃው ብዙ አይደለም፦ አንድ ኪሎ የምትመዝን መዶሻ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሜትር፣ ከፍታ የሚያሳይ ስልክ፣ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውኃ፣ እና ትንሽ ጠርሙስ አሲድ።

ስለ አሲዱ በደንብ መናገር ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ጉዳት የደረሰብን በእሱ ነውና። የኖራ ድንጋይን ከሌላው የሚለየው አሥር በመቶ የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ አንድ ጠብታ ሲያርፍበት እንደ ለስላሳ መጠጥ ይፈላል። የሚበጠበጠው በቤተ ሙከራ ከሚገኘው ጥቅጥቅ ያለ አሲድ አንድ እጅ ወስዶ በሦስት እጅ ውኃ ላይ በመጨመር ነው። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል፤ ውኃ በአሲድ ላይ ከተጨመረ ይፈናጠራል። እኛ የያዝነው ጠርሙስ ክዳኑ ቆርቆሮ ነበር። ሱሉልታ ሳንደርስ ክዳኑ ተበልቶ አንድ ሙሉ ደብተር አቃጠለ። የፕላስቲክ ክዳን ያለው የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ነው የሚሻለው። አሲድ ያላገኘ ሎሚ ይጭመቅ፤ ይዘገያል እንጂ ይሠራል፣ ድንጋዩን መጀመሪያ በቢላ ፍቆ ዱቄቱ ላይ ማንጠባጠብ ነው። በረኪና ግን አሲድ አይደለም፤ አይተካውም፣ ከአሲድ ጋር ከተገናኘም መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ሐሙስ፣ ጥር 14 — ከአዲስ አበባ ጎሃ ጽዮን

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስተን እንጦጦን ስንሻገር ጫንጮ ድረስ ያጋጠመን ሁሉ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ነው። ከሙገርና ከደርባ የሚመጣው ሲሚንቶ ጥሬ ዕቃው ይኸው የጥንት ባሕር ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ ከሚያስገባው ጥሬ ዕቃ አብዛኛው እጅ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ ፎቅ ሁሉ በከፊል ዛጎል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፍቼ ሳይደረስ፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ ይታጠፋል። ገዳሙን ተሳልመን ገደሉ አፍ ላይ ወዳለው የፖርቹጋል ድልድይ ወደሚባለው በእግር ወረድን። ለመንደሩ ልጅ መንገድ ማሳያ 100 ብር ተከፈለ። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ሰው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሙዝ ማሳየት ግን ጥሩ አይደለም፣ ቦርሳ ይነጥቃሉ። እዚህ ያለው ገደል ታላቅ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ በጂኦሎጂውም «የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ» ተብሎ ተሰይሟል። የባሕር ሳይሆን የወንዝ ነው፤ ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ወንዞች ያመጡት አሸዋ። ዛጎል የሚፈልግ እዚህ ጊዜውን አያባክን። መታየት ያለበት ግን ይህ ነው፣ ምክንያቱም ዓባይ በረሃ ስንወርድ መጽሐፉን ከመጨረሻው ገጽ ነው የምንገልጠው፦ ላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም የሆነው፣ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ከሥሩ የወንዝ አሸዋ፣ ከሥሩ ቀላ ያለ የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋዩ።

ፍቼ ላይ እርጎ በዳቦ በልተን (ለሰው 35 ብር፤ የሰላሌ እርጎ ከአዲስ አበባው ጋር አይወዳደርም) ከሰዓት በኋላ ጎሃ ጽዮን ገባን። አልጋ 250 ብር ነበር፣ ንጹሕ ነው፣ ውኃ በባልዲ። የአልጋው ባለቤት ድንጋይ ልናይ እንደመጣን ስትሰማ «ድንጋይማ እኛ ጋ ሞልቷል፤ ብቻ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እታች እንዳትገኙ፣ ሙቀቱ ይጥላችኋል» አለችን። ምክሯን ሰምተን በማግስቱ በጧት ወረድን።

አርብ፣ ጥር 15 — ቁልቁለቱ

ከጎሃ ጽዮን ሲወጣ ባዛልቱ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ዓይን መንገዱ ላይ ሳይሆን ስልኩ ላይ ይሁን፦ ከፍታው 2,200 ሜትር አካባቢ ሲደርስ የመንገዱ ግድግዳ ቀለም ከቀይና ከቡኒ ወደ አመድማ ቢጫ ይለወጣል። የኖራ ድንጋዩ ጣሪያ እሱ ነው። ወለሉ 1,800 ሜትር ግድም፣ ፍልቅልቅ መንደር አካባቢ ነው። ሾፌሩ መኪናውን ከመታጠፊያ ርቆ፣ ከወደ ላይ የሚመጣ ከባድ መኪና ከሩቅ በሚያየው ሰፊ ዳር ላይ ያቁም፤ ሁለት ድንጋይ ከጎማ ሥር፣ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ሃምሳ ሜትር ወደ ኋላ። እዚህ ተሳቢዎች በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወርዱት፤ ፍሬኑ የጋለ መኪና ጠረኑ ቀድሞት ይመጣል።

ከሁሉ በላይ ልንናገር የምንፈልገው ነገር አለ። አዲስ ሰው ሲመጣ ዓይኑ የሚያርፈው ቀጥ ብሎ በቆመው ታላቅ ነጭ ገደል ላይ ነው። መዶሻውን ይዞ ወደዚያ ይሮጣል፣ ግማሽ ቀን ይቀጠቅጣል፣ እጁ ይቆስላል፣ የሚያገኘውም ስባሪ ነው። ገደሉ ውስጥ ዛጎል የለም ማለት አይደለም፤ ሞልቷል። ግን ዛጎሉና ያቀፈው ድንጋይ አንድ ዓይነት ሆነው ተጋግረዋል፣ መዶሻው ሁለቱን አብሮ ይሰነጥቃል። ቅሪተ አካሉ ራሱ ተፈልቅቆ የሚገኘው በሁለት ገደል መካከል ባለው ዝቅ ያለ፣ ሣር የያዘ፣ ፍየል በሚሄድበት ደረጃ ላይ ነው። ያ ደረጃ ሸክላ የተቀላቀለበት ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ባለሙያዎች ማርል ይሉታል። ዝናብ ሲመታው ጭቃው ይታጠባል፣ ዛጎሉ ጠንካራ ስለሆነ ይቀራል። ክረምቱ የማውጣቱን ሥራ ጨርሶ ስለሚጠብቅ መዶሻ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጉልበትን አጥፎ መሬት ላይ ማፍጠጥ ነው።

እኛም አንድ ሰዓት ተኩል ገደሉ ላይ አጠፋን። አንድ ውብ ዛጎል በመዶሻ ለማውጣት ሲሞከር ከወገቡ ተከፈለ። ከዚያ በኋላ መዶሻው መኪና ውስጥ ቀረ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል መሬቱ ላይ ያለው ሁሉ ጥላ ስለሚጥል ፍለጋው ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ነው የሚቀናው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቦታ በገመድ ከልሎ በየመስመሩ መሄድ ዝም ብሎ ከመንከራተት ይሻላል። በእንዲህ ዓይነት አንድ ደረጃ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሃያ በላይ ሙሉ ዛጎል ቆጠርን። አብዛኞቹ ብራኪዮፖድ ናቸው።

ብራኪዮፖድ ምን እንደሆነ አንዱን መዳፍ ላይ አስቀምጦ ማየት ነው። ያገኘነው ከለውዝ ፍሬ ትንሽ ይተልቃል፣ አመድማ፣ ክብደቱ ከመልኩ ይበልጣል፤ ውስጡ በጭቃ ተሞልቶ ድንጋይ ሆኗልና። ከአናቱ ሹል አፍንጫ አለው። ከአፍንጫው የሚነሱ መስመሮች እንደ ሽሩባ ወደ ታች ይዘረጋሉ፣ ሁለቱ ክዳኖች የሚገጥሙበት ከንፈር ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ነው። በጥርስ ብሩሽና በውኃ ሲታጠብ ክዳኑ እያደገ ሲሄድ የተወው ቀለበት ሁሉ ታየ። ከጎኑ የተገኘው ሌላው ዓይነት ልሙጥ ነው፤ አፍንጫው ላይ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለችው። እንስሳው በሕይወት ሳለ በዚያች ቀዳዳ በኩል ሥጋማ እግሩን አውጥቶ ከባሕሩ ወለል ጋር ተጣብቆ ይኖር ነበር።

ከተራ ዛጎል የሚለየው እንዲህ ነው። የተራውን ዛጎል፣ ኦይስተር ከሚባለው ወጣ ገባ ዛጎል ወገን ያልሆነውን፣ በጎን ብናየው ቀኝና ግራ ክዳኑ እንደ ሁለት መዳፍ ይመሳሰላሉ፤ አንዱን ክዳን ብቻ ለይተን ብናየው ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ብራኪዮፖድ የዚህ ግልባጭ ነው፦ ሁለቱ ክዳኖች አይተካከሉም፣ ግን እያንዳንዱን ከአፍንጫው ጀምሮ መሐል ለመሐል ብንከፍለው ግራና ቀኙ እኩል ይወጣል። ባለ መስመሩ ወገን ውስጥ ሶማሊሪንኪያ አፍሪካና የሚባል ዝርያ አለ፤ ሶማሊያም ኢትዮጵያም ይገኛል። ያን ጊዜ ሁለቱም በአንድ ባሕር ሥር ነበሩና።

ከዚህ ደረጃ ወረድ ብሎ ድንጋዩ ፀባዩ ይለወጣል። የታጠበ ገጽ ላይ የእጅ መነጽሩ ሲቀርብ ድንጋዩ ሁሉ ጤፍ ነው! ክብ ክብ፣ እኩል እኩል፣ አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን ፍሬ። ይህ ኦይድ ይባላል። ሕይወት ያለው ነገር አልነበረም። ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ላይ ማዕበል የአሸዋ ቅንጣትን ወዲያና ወዲህ ሲያንከባልል ኖራ በዙሪያው ንብርብር እየሆነ ይጠቀለልበታል። ስለዚህ ይህን ድንጋይ ያገኘ ሰው ያ ቦታ ጥልቅ እንዳልነበረ፣ ማዕበል ወለሉን ይነካ እንደነበር ያውቃል። ከዚያው አቅራቢያ የኮራል ጉብታ አለ፦ የንብ ቀፎ እንጀራ የሚመስል ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ፣ ከትልቅ ድፎ ዳቦ የሚበልጥ። ኮራል ብርሃን ይወዳልና እሱም ያንኑ ይመሰክራል። ደለል ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩ ፍጥረታት በቆፈሩት ጉድጓድ የተዥጎረጎረው ድንጋይ ደግሞ ከግርጌው ነው፤ ያ ጸጥ ያለ ውኃ ነበር።

አሞናይት የሚባለውን፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ቅርፊት የነበረውን የባሕር እንስሳ፣ ፈልገን አላገኘንም። እዚህ አካባቢ ብርቅ ነው፤ ጥልቀት ያለው ክፍት ባሕር ይወዳል።

ከመንገዱ በላይ ፍየል የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ወርደው ከጎናችን ተቀመጡ። ዛጎሉን እጃቸው ላይ አገላብጠው «ልጆቼ፣ ይኼ የማየ አይኅ ነው። ውኃው እዚህ ድረስ ለመሙላቱ ምስክሩ ይኼው ነው» አሉን። «አባባ፣ ባሕር እንደነበር እርግጥ ነው፤ ዘመኑ ግን በጣም ሩቅ ነው» አልናቸው። እሳቸውም ተጨማሪ የት እንዳለ ነገሩን፤ ከላይኛው ደረጃ ላይ፣ ሣሩ ቢጫ በሆነበት፣ ልጆች እንደ ጠጠር የሚጫወቱበት ቦታ። በነገሩን ቦታ ያገኘነው ቀኑን ሙሉ ካየነው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። የአካባቢውን እረኛ ሳይጠይቁ መጀመር ቀን ማባከን ነው።

ልጆች የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ይሸጡ ነበር፣ አንዱን በ20 ብር። «አልማዝ» ይሉታል። አብዛኛው በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ካልሳይት ነው፤ በቢላ ይፋቃል፣ በአሲድ ይፈላል። መስታወት የሚጭር፣ አሲድ የማይነካው ከሆነ ኳርትዝ ነው።

ቅሪተ አካሉን ግን አልገዛንም፣ አልያዝንምም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅሪተ አካል ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርም ከአገር ማውጣትም አይቻልም፣ ያልተለመደ ነገር ያገኘም ማሳወቅ አለበት። ከውጭ ለበዓል የሚመጡ ወገኖች ለመታሰቢያ ብለው ሻንጣቸው ውስጥ እንዳይከቱት እንለምናለን። ፎቶው በሦስት በኩል ይነሳ፣ አጠገቡ አንድ ብር ሳንቲም ይቀመጥ፣ ከፍታውና ቦታው ይጻፍ። ቦታው ያልታወቀ ዛጎል ለማንም አይጠቅምም፤ ከየትኛው ደረጃ እንደወጣ ሲታወቅ ነው ዘመን የሚናገረው።

ምሳ ፍልቅልቅ፣ ጾም ስለሆነ በያይነቱ፣ 60 ብር። ከመንደሩ በታች ኖራ ድንጋዩ አልቆ መሬቱ ይልማል፦ አረንጓዴና ቀይ ጭቃ፣ በመሐሉ ነጭ የጀሶ ንብርብር። ይህ ክፍል 450 ሜትር ያህል ነው፤ የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን የሚል ስም ያወጡለት ጂኦሎጂስቱ ጌታነህ አሰፋ ናቸው። ጀሶው የሚናገረው ባሕሩ ገና ሲገባ የነበረውን ነው፦ ውኃው ጥልቀት አልነበረውም፣ ፀሐይ አተነነው፣ ጨዉ ቀረ። መለየቱ ቀላል ነው፣ ጀሶ በጥፍር ይጫራል፣ አሲድ አያፈላውም። እዚያው ያለው ዶሎማይት የሚባለው ድንጋይ ግን ያሳስታል፤ መልኩ የኖራ ድንጋይ ነው፣ አሲድ ሲነካው ዝም ይላል። በቢላ ፍቀው ዱቄቱ ላይ ሲያንጠባጥቡበት ቀስ ብሎ ይፈላል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሙቀቱ ስላየለ ወደ ጎሃ ጽዮን ተመለስን። የአልጋዋ ባለቤት እውነቷን ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 16 — ድልድዩና ደጀን

ግርጌው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ምድር። ቀላ ያለ፣ 300 ሜትር ያህል፣ ውብ ነው፤ ግን ዛጎል የለውም። ድልድዩ ላይ ጥበቃ አለ፣ ፎቶ ክልክል ነው። ካሜራ አንገት ላይ አንጠልጥሎ መታየት ብቻ ግማሽ ሰዓት አስቆመን፤ ሻንጣ ውስጥ ከቶ መውረድ ነው የሚሻለው። አዲሱ የህዳሴ ድልድይ በጃፓን ድጋፍ የተሠራ 303 ሜትር ድልድይ ነው፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ። አሮጌው ከጎኑ አለ። ከድልድዩ ማዶ ማንጎና ፓፓያ ይሸጣል፤ ፓፓያ አንዱ 15 ብር ነበር፣ አዲስ አበባ በኪሎ ከሚገዛው ሁለት እጥፍ ይጣፍጣል።

ወደ ደጀን ሲወጣ መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ ይነበባል፤ ለአዲስ ሰው ይኼኛው ወገን ይሻላል። አሸዋ፣ ጀሶ፣ ኖራ። ኩራር የሚባለው ቦታ አካባቢ ግን አስፋልቱ ራሱ ማስተማሪያ ነው። እንደ ባሕር ሞገድ ይነሳል ይወድቃል፤ ከተጠገነ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይሰነጠቃል። ምክንያቱ ከሥሩ ነው። የዝናብ ውኃ በባዛልቱና በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ይወርድና ሸክላው ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል። ሸክላው ይረጥባል፣ ይንሸራተታል፣ በላዩ ያለው ፍርስራሽ ሁሉ መንገዱን ተሸክሞ አብሮ ይሄዳል፤ ጀሶውም በውኃ እየሟሟ ባዶ ቦታ ይተዋል። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ባለሙያዎች ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን መንሸራተት አጥንተዋል። መንገደኛ ሊያየው የሚገባው ምልክት፦ ያዘነበለ የስልክ እንጨት፣ ግንዱ እንደ ማጭድ የጎበጠ ዛፍ፣ አስፋልት ላይ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መኪና አቁሞ ድንጋይ መመርመር አይገባም።

ደጀን ከመድረሱ በፊት ድንጋይ የሚፈለጥባቸው ቦታዎች አሉ። ፈላጮቹን አስፈቅደን ገባን። በመጋዝ የተቆረጠ የኖራ ድንጋይ ገጽ ገደሉ ላይ የማይታየውን ያሳያል፤ የቀንድ አውጣ ጠመዝማዛ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ ከጎኑ ክሪኖይድ የሚባለው የባሕር አበባ መሳይ እንስሳ አንጓ፣ ትንሽ ቀለበት፣ መሐሉ ቀዳዳ። ውኃ ሲረጭበት ሁሉም ይፈካል። አንድ ፈላጭ «ይኼ ምስል ያለበትን ደንበኛ አይወደውም፣ እንጥለዋለን» አለን። ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው የተጣለው ክምር ነበር፤ ሁለት ሰዓት እዚያ ቆየን።

ደጀን ማታ ጥብስ 130 ብር፣ እንጀራው የአገሩ ጤፍ ነው፣ ለብቻው ይበላል።

እሑድ፣ ጥር 17 — ወደ ለሚ

ደጀን፣ ጎሃ ጽዮን፣ ፍቼ፣ ሙከጡሪ፤ ስለዚህ መንገድ የሚነገር የለም። ሙከጡሪ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የለሚ ጠጠር መንገድ ሲጀምር ግን ሃያ ኪሎ ሜትር ሳንሄድ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ክሪክ ነበረ፣ ስኮርታውም ነበረ፣ ስኮርታው ግን ንፋስ አልነበረውም። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆመን ያለፈ አይሱዙ ረዳን፤ ለሚ ያለው ጎሚስታ ለሁለቱም ጎማ 160 ብር ጠየቀ። ከመነሳት በፊት ስኮርታን በእጅ መታ መታ ማድረግ ብቻ አይበቃም፣ ማስለካት ነው። ለሚ ማታ ይበርዳል፤ እታች ያለው ሙቀት አታሎን ጃኬት የተወ ነበረ፣ አልተኛም። ሽሮ ተጋቢኖ 50 ብር።

ሰኞ፣ ጥር 18 — ጀማ

የጀማ ሸለቆ ከዓባይ በረሃ ያንሳል፣ ለዚህ ሥራ ግን እኛ እሱን እናስበልጣለን። መኪና የለበትም ማለት ይቻላል፤ ዓለም ከተማ ወደምትባለው ከተማ የሚሄድ አንድ አውቶቡስና ጥቂት አይሱዙ ነው። መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። ከለሚ ቁልቁል ሲወረድ ያው ቅደም ተከተል ነው፦ ባዛልት፣ አሸዋ፣ ቀይ ጭቃ፣ ወደ ግርጌው ኖራ ድንጋይ።

እዚህ ቀዩን ጭቃ ድንጋይ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። የሙገር ጭቃ ድንጋይ ይባላል። ባሕሩ ሲሸሽ የተተካው ረግረግና ወንዝ ነው፤ በጀማ አካባቢ ከዚህ ድንጋይ የዳይኖሰር ጥርስ፣ የኤሊና የዓሣ ቅሪት ተገኝቶ በ1999 እ.ኤ.አ. በጥናት ታትሟል። ያንን የሚፈልገው ባለፈቃድ ተመራማሪ ጭቃውን በውኃ አጥቦ፣ በወንፊት አጣርቶ፣ ቅንጣቱን በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ለቅሞ ነው፤ ብዙው ጥርስ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። በባሕሩ ውስጥም ትላልቅ አራዊት ነበሩ። ከሐረር አካባቢ የተገኘ አንድ መንጋጋ በ1938 እ.ኤ.አ. ፕሊዮሰር የተባለው የባሕር አውሬ ነው ተብሎ ተሰየመ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲመረመር ማቺሞሳውረስ የተባለ የባሕር አዞ ሆኖ ተገኘ። ጥርሱ ደንዳና፣ ጫፉ ዱልዱም ነው፣ የኤሊን ቅርፊት ለመስበር የተመቸ።

ከወንዙ በላይ ያለው የኖራ ደረጃ ላይ ሦስት ሰዓት ቆየን። ገበሬው ማሳውን ያጠረበት ካብ ሙሉ ዛጎል ነው፤ ካቡ ላይ ማንኛውንም ድንጋይ ከመንካት በፊት ማስፈቀድ ያስፈልጋል፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይናዳል። «ግቡ፣ ግቡ፤ እሱን ምን ልታደርጉት ነው?» ብለው የማሳው ባለቤት ጠላ ሊቀዱልን ቤታቸው ወሰዱን። ቤታቸውም ከዚያው ድንጋይ የተሠራ ነው። መዝጊያው አጠገብ ያለው የማዕዘን ድንጋይ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው የኦይስተር ክዳን ጎልቶ ይታያል። የቤቱ እመቤት «እማማ ካገቡ ጀምሮ እሱ አለ፣ ልጆቹ ጆሮ ይሉታል» አሉን።

ስንመለስ ደረጃው ላይ አንድ የባሕር ጃርት፣ እሾህ ለብሶ የሚኖር ክብ የባሕር እንስሳ፣ አገኘን፤ አምስቱ ጠባብ መስመሮቹ ከአናቱ እስከ ሆዱ ሳይሰበሩ። አራት ቀን ሙሉ የፈለግነው እሱን ነበር፤ እሾሁን እንጂ ራሱን አላገኘንም ነበር። ስፋቱ 31 ሚሊ ሜትር። በብሩሽ አጠብነው፣ ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጠን ከላይ፣ ከጎንና ከሥር ፎቶ አነሳነው፣ ከፍታውን ጻፍን። ከዚያ ጥርት ያለው ገጽ ወደ መሬት እንዲሆን ገልብጠን፣ ዝናብ እንዳይፈገፍገው ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር፣ ካነሳንበት ቦታ መለስነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር፤ የለሚን ዳገት ሳይመሽ ለመውጣት መኪናው ተነስቷል።